ሐሩር የማያጠወልገው ቢጫ አበባ

በቤተ ክርስቲያኑ የ25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኢዮቤልዩ በዓል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው መሠረት፤ ስለ ደወሉ፤ ስለ ወጣው ገንዘብና ስለ ደከሙት ሰዎች ነው። ይህም የተገባ ነው፤ የደከመን ሰው ማመስገን ከሥርዓት የወጣ አይደለምና። ዛሬ ግን ከሕንፃው ውጭ ስላለች አንዲት ጠባብ መሬት ይነገራል። ይህች መሬት በቤተ ክርስቲያኑ ደቡብ፤ በግድግዳው ሥር ያለች፤ ርዝመቷ ሃያ ርምጃ፤ ስፋቷ ሦስት ርምጃ የማይሞላ ናት። ከጧት እስከ ማታ ፀሓይ አይለያትም። ጽጌረዳ ሁለት ጊዜ ተተከለባት፤ ሁለት ጊዜም ደረቀ። ሣር ተዘራባት፤ ሐምሌ ሳይወጣ እንደ ገለባ ነደደ። በአገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ የዝናምና የጭቃ ወራት ሲሆኑ፤ በዚህ በዳላስ ምድር ግን የሐሩር ወራት ናቸው፤ በብዙ ቀንም ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ይህች መሬት ለምንም አትሆንም ብሎ ትቷት ነበር።

የዚህች መሬት ነገር ዳግመኛ የተነሣው በአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። በአንድ የእንቁጣጣሽ በዓል የሰባት ዓመት ልጅ እኅቶቹ የያዙትን ከሱቅ የተገዛ የላስቲክ አበባ አይቶ፤ አደይ አበባ የሚሠራበት ፋብሪካ የት ነው ብሎ መምህሩን ጠየቀ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ዝም አሉ። ሕፃኑ አልተሳሳተም፤ ካየው ተነሥቶ ጠየቀ እንጂ። ያላሳዩት ሰው ምን ሊያውቅ ይችላል?

ከዚህ በኋላ በሰበካ ጉባኤው ሦስት ዐሳብ ተነሣ። የመጀመሪያው፤ የአደይን ዘር ከአገር ቤት በሻንጣ አምጥቶ መዝራት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፤ በዚህ አገር አደይን የሚመስል ቢጫ አበባ ሞልቷልና እርሱን ተክሎ ለልጆቹ አደይ ይህ ነው ማለት ነው የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፤ አደይ የአገሯ ናት፤ እዚያው ትቅር፤ በሌላ አበባ ምን አደከመን የሚል ነው። ሦስቱም ዐሳብ ከአገር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንዱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ዘር አያበቅልምና ነገሩን በየተራ መመርመር ይገባል።

፩፤ ስለ አደይ አበባ

አደይ የሚባሉት አንድ ዓይነት ብቻ አይደሉም። የዕፅዋት ሊቃውንት ቢደንስ ከሚሉት ወገን የሆኑ ጥቂት ዓይነቶች በሕዝቡ ዘንድ በአንድ ስም አደይ ይባላሉ። ቢደንስ ማለት በላቲን ቋንቋ ሁለት ጥርስ ያለው ማለት ነው፤ ስለምን ቢሉ በዘሩ ጫፍ እንደ ጥርስ የሾለ ነገር ያላቸው ዓይነቶች በዚያ ወገን ስላሉ ነው። በመንገደኛ ልብስ የሚጣበቀውም አረም የዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በዓል የሚያከብርና ልብስ የሚይዝ ሁለት ወንድማማች ተገኘ ማለት ነው።

የበዓሉ አደይ ከዓመት ዓመት በሥሯ የምትኖር ተክል አይደለችም። በክረምቱ ዝናም ትበቅላለች፤ ዝናሙ ሊያቆም ሲል በመስከረም ታብባለች፤ ዘሯን ለመሬት ሰጥታ ትደርቃለች። የምትወደው የደጋውንና የወይና ደጋውን ቀዝቃዛ አየር፤ የጠገበውንም መሬት ነው። ስለዚህ ዘሯ በዳላስ ቢዘራ፤ ማደግ በሚገባት ወራት የሚያገኛት ዝናም ሳይሆን ሐሩር ነው። በሌላም በኩል፤ ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉም በከንቱ የወጣ አይደለም፤ ከአንድ እፍኝ ዘር ጋር የሚመጣ ተባይና በሽታ የብዙ ገበሬ እርሻ ሊያጠፋ ይችላልና። የቤተ ክርስቲያንን አበባ ሕግ በማፍረስ መጀመር አይገባም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ዐሳብ ቀረ።

፪፤ ስለ ኮርዮፕሲስ

በዚህ አገር የሚገኘው፤ አደይን የሚመስለው ቢጫ አበባ ስሙ ኮርዮፕሲስ ይባላል። ይህን ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. በመጽሐፉ የጻፈው ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ትኋን የሚመስል ማለት ነው፤ ዘሩ ጥቁርና ጠፍጣፋ ሆኖ ትኋንን ስለሚመስል ነው። እንግሊዞችም በቋንቋቸው የመዥገር ዘር ይሉታል። እንዲህ ያለ የተዋረደ ስም ለእንዲህ ያለ ውብ አበባ መሰጠቱ ያስገርማል። ነገር ግን ስም አውጪው የተመለከተው የአበባውን መልክ ሳይሆን ዘሩን ነው።

ኮርዮፕሲስ የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው። የፍሎሪዳ ግዛት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የግዛቱ የዱር አበባ ይሁን ብሎ በሕግ ሠይሞታል። ከአደይ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ በመልክ ብቻ የሚቀር አይደለም። የቀድሞ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ አደዮች አንዳንዱን ኮርዮፕሲስ ብለው ጽፈውት ነበር። በኋላ ግን የአፍሪካዎቹ ወደ ቢደንስ ወገን ተመለሱ። በዚህ ምርመራ ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ብዙ ደክመዋል፤ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቢደንስ የጻፉት መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. በስዊድን አገር በኡፕሳላ ታትሟል። እንግዲህ ሁለቱ አበቦች የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ግን ሌላው አይደለም።

ስለዚህ ሁለተኛው ዐሳብ፤ ማለት ኮርዮፕሲስን ተክሎ አደይ ብሎ መጥራት፤ ግማሹ መልካም ግማሹ ክፉ ነው። መትከሉ መልካም ነው፤ አደይ ማለቱ ግን ልጅን ማታለል ነው። በቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፤ ሰሙ ካልተስተካከለ ወርቁ አይፈስስም። ሕፃን በመጀመሪያ የሚማረው ሰሙን ነው። ዛሬ በአበባ ስም የተታለለ ልጅ ነገ አድጎ እውነቱን ባወቀ ጊዜ፤ ስለ ጾሙም ስለ ታቦቱም የነገሩትን ይጠራጠራል። ኮርዮፕሲስን ኮርዮፕሲስ፤ የአደይም ዘመድ ብሎ መጥራት ምን ይጎድለዋል? ዘመድነቱ እውነት ነውና ለልጁ ይበቃዋል።

፫፤ ስለ ዓይነቱና ስለ አተካከሉ

ከኮርዮፕሲስ ወገን አንዳንዱ በአንድ ዓመት የሚደርቅ ሲሆን፤ ሌላው በሥሩ እየኖረ ከዓመት ዓመት የሚያብብ ነው። ለዚህች መሬት የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ከእርሱም ሦስት ዓይነት ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ላንሲዮላታ የሚባለው፤ ቅጠሉ እንደ ጦር የሾለ፤ አበባው ጠቆር ያለ ወርቅ መሳይ ቢጫ ነው። በድሀ መሬትና በሐሩር ይታገሣል፤ ዘሩ ራሱ ወድቆ ይበቅላል። ሁለተኛው ግራንዲፍሎራ የሚባለው ትልቅ አበባ ያለው ነው። ከእርሱ የተገኘው ኧርሊ ሰንራይዝ የተባለው ዓይነት በተዘራበት ዓመት ስለሚያብብ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ የአበባ ዘር ውድድር ሽልማት አግኝቷል። ይሁን እንጂ የግራንዲፍሎራ ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት አያልፍም። ሦስተኛው ቨርቲሲላታ የሚባለው፤ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፤ በመሬት ውስጥ በሥሩ ቀስ ብሎ የሚሰፋ፤ ዕድሜውም የረዘመ ነው። ከእርሱ ወገን ሙንቢም፤ ማለት የጨረቃ ጨረር የተባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ አበባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የዓመቱ ምርጥ ተክል ተብሎ ነበር። ዛግሬብ የተባለው ግን ከእርሱ ይልቅ ጠንካራ ነው። በደላዌር ግዛት ያለው የማውንት ኩባ የአትክልት ስፍራ በ2010ዎቹ ዓመታት ብዙ ዓይነት ኮርዮፕሲስ ጎን ለጎን ተክሎ በመረመረ ጊዜ፤ ዛግሬብና ዘግይቶ በመከር የሚያብበው ሰመር ሰንሻይን ከተመሰገኑት ውስጥ ነበሩ።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። የዳላስ መሬት ጥቁርና የሚጣበቅ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከሸዋና ከጎጃም የመጡ ምእመናን ይህን መሬት አይተው ሳይነገራቸው መረሬ መሆኑን ያውቁታል። በእውነትም የመሬት ተመራማሪዎች የቴክሳስን ጥቁር መሬትና የኢትዮጵያን መረሬ በአንድ ወገን ይቈጥሯቸዋል። ኮርዮፕሲስ ሐሩሩን ይታገሣል፤ ድርቁን ይታገሣል፤ የማይታገሠው በእግሩ ሥር የቆመ ውሃ ነው። ጽጌረዳውም ሁለት ጊዜ የሞተው በፀሓይ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። በክረምት ሥሩ በውሃ ታፍኖ የደከመ ተክል በሐሩር ቢወድቅ አይደንቅም።

መድኃኒቱ በአገር ቤት የታወቀ ነው። በእነዋሪ ያሉ ገበሬዎች መረሬውን በእጃቸው ከፍ ያለ መደብ እያደረጉ በመካከሉ ቦይ ያወጣሉ፤ ውሃውም በቦዩ ይወርዳል። እዚህም እንደዚሁ መደቡን አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ፤ የበሰለ ብስባሽ መቀላቀል፤ ለውሃው መውረጃ መተው ነው። አሸዋ ብቻ በመረሬ ላይ መጨመር ግን አይረዳም፤ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ ጡብ ይሆናሉና።

የመትከያው ወር ጥቅምት ነው፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ስለሚበርድ ሥሩ እስከ በጋው ድረስ ይጠነክራል። ጥቅምት ያመለጠው ሰው በመጋቢት ይትከል። በችግኝና በችግኝ መካከል ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ይተው። ዘር የሚዘራም ሰው ዘሩን በአፈር አይቅበር፤ ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚበቅለውና በላዩ ላይ በትኖ በእጁ መዳፍ ይጫነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይታገሥ። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ ሥሩ የሚደርስ ውሃ ይፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ሰነፍ ያደርገዋል፤ በላይ በላዩ ይቀራልና። ሁለተኛው ዓመት ከገባ በኋላ ግን ድርቅ ካልበረታ በቀር ብዙ አይጠይቅም። ጉዝጓዝ ሲደረግለት ከግንዱ ጥቂት ራቅ ይበል፤ ግንዱን የሸፈነው እንደ ሆነ ይበሰብሳል።

ስለ ፍግም አንድ ነገር ይነገር። የምእመናን ልብ ለጋስ ስለ ሆነ ለተክል ብዙ ፍግ መጨመር መልካም ይመስላቸዋል። ኮርዮፕሲስ ግን ፍግ ሲበዛበት ቅጠሉ ይሰባል፤ አገዳው ይረዝማል፤ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል፤ አበባውም ያንሳል። በጠኔ ሳይሆን በመጠን ሲኖር ያብባል። ጾምን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማስተዋል ትርጓሜ አያሻውም።

፬፤ ስለ መቈረጡና ስለ በዓሉ ቀን

እዚህ ላይ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ አለ። ኮርዮፕሲስ በዳላስ ከሚያዝያ ጀምሮ ያብባል፤ ሐምሌ ሲገባና ሐሩሩ ሲበረታ ግን ይደክማል፤ አበባውም ደርቆ ዘር ይሆናል። እንዲሁ ቢተዉት በመስከረም የሚታየው ደረቅ ራስ ብቻ ነው፤ ልጆቹም እንደገና ወደ ላስቲኩ አበባ ይመለሳሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ ቢሉ፤ በጊዜው መቍረጥ ነው።

ተክል የሚያብበው ዘር ለማፍራት ነው። ዘሩን ካፈራ ሥራውን ጨረሰና ያርፋል። የደረቀውን አበባ ዘር ሳይሆን ቢቀነጥሱት ግን ገና ሥራ አልጨረስሁም ብሎ እንደገና ያብባል። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ የደረቀውን በየሳምንቱ መቀንጠስ ይገባል፤ ይህም ለልጆች የሚሆን ሥራ ነው። ከዚያም በነሐሴ መጀመሪያ፤ በጾመ ፍልሰታ መግቢያ፤ የተክሉን ቁመት አንድ ሦስተኛ በመቀስ መቍረጥ ነው። ከዚያ በላይ አይቈረጥ፤ በሐሩር ወቅት ብዙ ቅጠል ያጣ ተክል አይነሣምና። ከመቍረጡ በፊት ባለው ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ሥራውም በማለዳ ወይም በሠርክ ይሁን።

ዘመኑም እንዲህ ይቈጠራል። ነሐሴ 1 ቀን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 1 የነሐሴ 30 ቀንና የጳጉሜን 5 ቀን፤ በድምሩ 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 36 ይሆናል። የተቈረጠው ተክል ብዙ ጊዜ በአራት፤ በአምስት ወይም በስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ያወጣል። እንግዲህ በፍልሰታ መግቢያ የተቈረጠው ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ሐሩሩ በርትቶ ቢዘገይ እንኳ ለመስቀል፤ ማለት ለመስከረም 17 ቀን፤ 51 ቀን አለው። ከዚያም በኋላ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌ ነው። በዳላስ ውርጭ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በኅዳር አጋማሽ ስለ ሆነ፤ በደኅና የተያዘ ኮርዮፕሲስ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ዘመን ሁሉ በግድግዳው ሥር ቢጫ ሆኖ ይታያል። ሰመር ሰንሻይን የተባለውም ዓይነት በዚሁ ወራት ያለ መቍረጥ ያብባልና ከሌሎቹ ጋር ቢተከል ይረዳል።

በኅዳር የመጨረሻው አበባ ሲደርቅ ግን አይቀንጠስ። ዘሩን የሚለቅሙ ትናንሽ ወፎች ይመጣሉና ለእነርሱ ይተውላቸው። የመከሩን ቃርሚያ ለድሀ መተው የቆየ ሥርዓት ነው።

፭፤ ስለ ምሳሌው

አበባው ስለ ራሱ ይህን ያህል ከተነገረለት፤ ስለሚያስተምረውም ጥቂት ይጨመር። ጌታ በወንጌል የሜዳን አበባ ተመልከቱ ብሎ ማስተማሩ፤ መመልከት ራሱ ትምህርት ስለ ሆነ ነው።

የኮርዮፕሲስን አበባ አንሥቶ በቅርብ የተመለከተ ሰው አንድ አበባ አለመሆኑን ያያል። የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው ያሉት፤ ብዙ ጊዜ ስምንት የሆኑት፤ ጫፋቸው እንደ ጥርስ የተከፈለው ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በመካከል ያሉት ጥቃቅኖች ደግሞ እንዲሁ እያንዳንዳቸው አበቦች ናቸው። ከሩቅ የሚታዩት፤ ንቡንም የሚጠሩት የዙሪያዎቹ ናቸው፤ ነገር ግን ዘር አያፈሩም። ዘር የሚያፈሩት በመካከል ያሉት፤ ማንም የማያያቸው ጥቃቅኖች ናቸው። በ25 ዓመት ውስጥ በመድረክ የታዩ፤ ስማቸው በዚህ መጽሐፍ የተጻፈ፤ ፎቶግራፋቸው የታተመ ብዙዎች ናቸው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል፤ የዙሪያው አበባ ባይኖር ንቡ አይመጣምና። ነገር ግን ሌሊት ተነሥተው ዳቦ የጋገሩ፤ ምንጣፉን የጠረጉ፤ ልጆችን በመኪናቸው ያመላለሱ፤ በሥራ ደክመው መጥተው ፊደል ያስቈጠሩ፤ ስማቸው ያልተጻፈ አሉ። የዚህ ቤት ዘር በእነርሱ ዘንድ ነው።

አንድም፤ ቨርቲሲላታ የተባለው ዓይነት በሦስት ወይም በአራት ዓመት መካከሉ ይደርቃል፤ ዙሪያው ግን ለምለም ነው። አትክልተኛው በጥቅምት ከነሥሩ ያወጣዋል፤ በአካፋ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱንም ክፋይ ለብቻው ይተክለዋል። ይህን ካላደረገ ተክሉ በራሱ ሥር ተጨናንቆ ይደክማል። በስደት ያሉ አብያተ ክርስቲያናት መከፈልን ያውቃሉ፤ በጠብ የተከፈለ ቤት ስንት ቁስል እንዳለው መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን ከፍሎ መትከል ሌላ ነው፤ መቅደድ ሌላ ነው። የሚተከል ክፋይ ሥርም ቅጠልም ይዞ ሊሄድ ይገባዋል። ሥር ያለ ቅጠል ቢተከል ቶሎ አያንሠራራም፤ ቅጠል ያለ ሥር ቢተከል በሦስት ቀን ይጠወልጋል። አባቶች የቋንቋውንና የሥርዓቱን ሥር ይዘው ልጆቹን ከሥራ ቢያስወጡ፤ ቤቱ በምድር ውስጥ እንደ ተቀበረ ሥር ይሆናል። ልጆቹም የአባቶችን ሥር ንቀው ለብቻቸው ለምልመን እንታይ ቢሉ ቅጠል ይሆናሉ። አሮጌው ልምድ ለልጆች ቦታ ይልቀቅ፤ ልጆችም ከሥሩ ጋር ይሂዱ። ይህም ሽማግሌ ይገለል ማለት አይደለም፤ ሥሩ ለብዙ መደብ ይድረስ ማለት ነው እንጂ።

አንድም፤ ይህ አበባ በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። እንግዳዎቹ ተካዮቹ ናቸው። ያው አበባ፤ ላንሲዮላታ የተባለው፤ ወደ ጃፓን በሄደ ጊዜ የአገሩን ተክል እየገፋ ሜዳውን ስለ ሞላው፤ መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. እንዳይተከል ከልክሎታል። እንግዲህ አንዱ አበባ በአገሩ በረከት፤ በሰው አገር ሥርዓት ሲያጣ መቅሠፍት ሆነ። ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል። ፊተኛው፤ ማንም ሰው የዚህን አበባ ዘር ስጦታ ይሁን ብሎ ወደ ኢትዮጵያ አይላክ፤ የአደይን ሜዳ ለአደይ ይተውላት። ሁለተኛው፤ በሰው አገር ያለ ሕዝብ የባለቤቱን ተክል አክብሮ በደጀ ሰላሙ ቢተክል፤ እንግድነቱን በሚገባ ያወቀ ይሆናል። በአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ያለ ዐፀድ አትታይም፤ ከሩቅ የምታስታውቀውም በዛፎቿ ነው። በዚህ አገር ያ ዐፀድ የለም። ነገር ግን የምድሩን ተወላጅ አበባ በግድግዳው ሥር መትከል የዚያ ሥርዓት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዐሳብ፤ አደይ እዚያው ትቅር የሚለው፤ በዚህ መንገድ እውነት ሆኖ ይገኛል። አደይ እዚያው ትኖራለች፤ የቀረችው ግን ለመረሳት አይደለም። ሕፃኑ በመስከረም 1 ቀን ጧት ሥሩ በምድር ያለ፤ ንብ ያረፈበት፤ በገዛ እጁ ያጠጣውና የቀነጠሰው ቢጫ አበባ ሲይዝ፤ ይህ የአደይ ዘመድ ነው፤ እርሷ ግን በአገርህ ተራራ ላይ በዚህ ሳምንት አብባለች ቢባል ያምናል። አንድ ቀንም ሄዶ ሊያያት ይመኛል። የላስቲክ አበባ ግን ይህን ምኞት አይሰጥም፤ የማይጠወልግ ነገር አይናፍቅምና።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ የኢዮቤልዩ በዓል ባለፈው ብቻ የሚደሰቱበት አይደለም፤ በሚመጣውም የሚሰናዱበት ነው። መደቡ በመጪው ጥቅምት ይነሣ። ከሸዋ የመጡ አባቶች ቦዩን ያሳዩ፤ ወጣቶች ይቆፍሩ፤ እናቶች ብስባሹን ያዘጋጁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዘሩን ይበትኑ፤ በየሳምንቱም ከቅዳሴ በኋላ ያጠጡ። በፍልሰታ መግቢያ ካህኑ ባርከው መቀሱ ይንሣ። ያን ጊዜ ስለ ፋብሪካው የጠየቀው ሕፃን መልሱን ከሰው አፍ ሳይሆን ከመሬት ያገኛል።

ዘርን ለዘሪ፤ እንጀራንም ለሚበላ የሚሰጥ አምላክ፤ ይህን ቤት ከትውልድ እስከ ትውልድ ያጽናልን፤ የደከሙትንና ያረፉትን አባቶችና እናቶች ነፍስ ይማርልን፤ ለሚመጣውም ዘመን በሰላምና በፍቅር ያድርሰን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።